ቮልቱና አምፔሩ የማን ናቸው?

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «ከቮልትና ከአምፔር ተነሥቶ ተቃውሞንና ኃይልን ማስላት» የሚል ነው። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛዬ «ይህንንማ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ጨርሰነው የለም ወይ?» ብሎ ሣቀብኝ። እውነቱን ነው፤ ጨርሰነዋል። እኔም ለፈተና ሸምድጄው፥ ጥሩ ነጥብ አግኝቼበት፥ ደብተሩን ዘግቼ አስቀምጬዋለሁ። ነገር ግን የጨረስሁት መስሎኝ የነበረው ትምህርት ባለፈው ክረምት በእናቴ ማድ ቤት ውስጥ እንደ አዲስ ተጀመረብኝ። ዛሬ የምነግራችሁም ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ በቃላቱ ላይ እንስማማ። ጅረት ስል በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ማለቴ ነው፤ መለኪያው አምፔር ነው። ግፊት ስል በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን፥ ጅረቱን ከአንደኛው ወደ ሌላው የሚገፋውን ልዩነት ማለቴ ነው፤ መለኪያው ቮልት ነው። ተቃውሞ ስል አንድ ዕቃ ጅረቱን የቱን ያህል እንደሚያግድ የሚነግረንን ቁጥር ማለቴ ነው፤ መለኪያው ኦም ነው። ኃይል ስል ደግሞ በየሰከንዱ ወደ ሙቀት፥ ወደ ብርሃን ወይም ወደ ሌላ ሥራ የሚለወጠውን መጠን ማለቴ ነው፤ መለኪያው ዋት ነው።

ሕጉም አጭር ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ብናካፍለው ተቃውሞውን እናገኛለን፤ ቮልቱን በአምፔሩ ብናባዛው ኃይሉን እናገኛለን። አንድ ማካፈልና አንድ ማባዛት ነው። ነገር ግን «በሁለት ጫፎች መካከል» ያልሁትን ቃል አደራ ያዙልኝ፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

አሁን ወደ ማድ ቤቱ ልውሰዳችሁ። እናቴ የምትኖረው በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ከኋላ በተሠሩት ቤቶች ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ያለው በር አጠገብ፥ በግቢው ባለቤት ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በአጥር ላይ እየተንጠላጠለ ወደ ኋላ የሚመጣ አንድ መንታ ገመድ አለ፤ እርሱም የእናቴንና የጎረቤታችንን ማድ ቤት ያበራል። ሁለቱም ቤቶች የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው።

ከፋሲካ ወዲህ የእናቴ እንጀራ ዐይን ማውጣት ተወ። ከላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከሥር ይጣበቃል። አንዷ ጤፉ ነው አለች፤ ሌላዋ አብሲቱ አልተመታም አለች፤ ሦስተኛዋ ምጣዱ አርጅቷልና ይለወጥ አለች። ከሁሉ የበዛው ግን «መብራቱ ደክሟል» የሚለው ነበር። እኔ ለዕረፍት ስመጣ እናቴ «አንተ ስለ ኤሌክትሪክ ትማር የለም ወይ? እስቲ ምን እንደ ሆነ ንገረኝ» አለችኝ።

እኔም ደስ ብሎኝ ወረቀትና እርሳስ አወጣሁ። በምጣዱ ጎን በተለጠፈው ቆርቆሮ ላይ 220 ቮልት፥ 3300 ዋት ተብሎ ተጽፏል። 3300ን ለ220 ሳካፍል 15 አምፔር ሆነ፤ 220ን ለ15 ሳካፍል 14.7 ኦም ሆነ። ስሌቱን ሁለት ጊዜ ከሠራሁ በኋላ «ምጣዱ ጤናማ ነው፤ 3300 ዋት ይሰጣል» አልኋት። እርሷም ወረቀቱን አየት አድርጋ «እንግዲያው እንጀራው ለምን አይበስልም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጓደኞቼ፥ አሥር ዓመት ከበለጠ ትምህርት በኋላ በእናት ፊት እንዲህ ዝም ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ስሕተቴ ምን ነበር? ማካፈሉም ማባዛቱም ትክክል ነበር። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ እኔ የለካሁት አንድም ቁጥር አልነበረም። ቮልቱን የሰጠኝ ቆርቆሮው ነው፤ ዋቱንም የሰጠኝ ቆርቆሮው ነው። ቆርቆሮው ደግሞ የሚናገረው ምጣዱ በእውነት 220 ቮልት ቢያገኝ ምን እንደሚያደርግ ነው እንጂ፥ በእናቴ ማድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያገኝ አይደለም። በፈተና ላይ «ግፊቱ 220 ቮልት ነው እንበል» ተብሎ ይሰጠናል፤ በማድ ቤት ግን የሚሰጠን የለም።

ስለዚህ ሁለት ቮልት መለኪያና አንድ አምፔር መለኪያ ተውሼ፥ አንድ የክፍል ጓደኛዬን ይዤ ተመለስሁ። አምፔር መለኪያው አፉን ከፍቶ ሽቦውን ከውጭ የሚያቅፈው ዓይነት ነው። ምጣዱ በርቶ ሳለ መንታውን ገመድ እንዳለ ባቅፈው መለኪያው ዜሮ አለ። ጎረቤታችን ቆመው ይመለከቱ ነበርና «የኔ ልጅ፥ እጄን እያቃጠለኝ የለም ይላል ወይ ዕቃህ?» ብለው ሣቁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ በመንታ ገመድ ውስጥ አንዱ ሽቦ የሚሄደውን፥ ሌላው የሚመለሰውን ጅረት ይይዛል፤ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ መለኪያው ሁለቱን አብሮ ሲያቅፍ አንዱ የሌላውን ያጠፋበታል። ስለዚህ ማጥፊያውን አጥፍተን፥ የገመዱን ሁለት ሽቦዎች ልባሳቸውን ሳንነካ አለያየናቸውና አንደኛውን ብቻ አቀፍን።

ጓደኛዬ ቆጣሪው ዘንድ፥ እኔ ማድ ቤት ሆነን ቁጥሩን እየተጠራራን ጻፍነው። የእናቴ ምጣድ ብቻ በርቶ ሳለ ቆጣሪው ዘንድ 220 ቮልት፥ ምጣዱ የተሰካበት ሶኬት ላይ 196 ቮልት፥ በሽቦው ውስጥ 13.3 አምፔር አገኘን። ለንግግር እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ።

አሁን አንዳችሁ «የምጣዱን ተቃውሞ አስላ» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ ልማድ ሆኖብኝ 220ን ለ13.3 አካፍዬ 16.5 ኦም እል ነበር። ያም ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም 220 ቮልት የምጣዱ ግፊት አይደለም። የምጣዱና የገመዱ ድምር ግፊት ነው። በምጣዱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው 196 ቮልት ነው። 196ን ለ13.3 ስናካፍል 14.7 ኦም ይሆናል፤ ይኸውም ቆርቆሮው የተናገረው ነው። እንግዲህ ምጣዱ አላረጀም፤ ታምቶ ኖሯል። 196ን በ13.3 ስናባዛ ደግሞ 2600 ዋት ያህል ይሆናል። ምጣዱ ከ3300 ዋት 700 ያህል ጎድሎበታል ማለት ነው።

የቀረው 24 ቮልት የት ደረሰ? በገመዱ ላይ ቀረ። እርሱም እንደ ማንኛውም ዕቃ ተቃውሞ አለው። 24ን ለ13.3 ብናካፍል 1.8 ኦም ነው፤ 24ን በ13.3 ብናባዛ 320 ዋት ያህል ነው። ገመዱን ሳንቆርጥና ሳንፈታ ተቃውሞውን በማካፈል ብቻ አወቅነው።

ይህን በሌላ መንገድ ደግሞ አረጋገጥነው። የመዳብ ሽቦ ውፍረቱ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር፥ ርዝመቱ አንድ ሜትር ቢሆን ተቃውሞው 0.0172 ኦም ያህል ነው። ሲረዝም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሲወፍር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ገመዱ 40 ሜትር ነው፤ ጅረቱ ሄዶ ይመለሳልና 80 ሜትር ብለን እንቈጥራለን። ውፍረቱ ለመኝታ ቤት መብራት የሚሆነው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ስሌቱ 1.83 ኦም ይሰጣል። ከለካነው ጋር ገጠመ።

በዚህ ላይ ጎረቤታችን የራሳቸውን ምጣድ እንዲያበሩ ለመንናቸው። እንጀራው ፈጽሞ የሚበላሸው ሁለቱ ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲጋግሩ እንደ ሆነ እናቴ ነግራኝ ነበርና። ሁለቱ ሲበሩ ጅረቱ 24 አምፔር ሆነ፤ በሶኬቶቹ ላይ የቀረው ግፊት 176 ቮልት ብቻ ሆነ። እያንዳንዱ ምጣድ 12 አምፔር አገኘ፤ 176ን በ12 ስናባዛ 2112 ዋት ነው። ይህ ከ3300ው ሁለት ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። አክንባሎው በተከፈተ ቊጥር ምጣዱ ሙቀቱን ስለሚያጣ፥ በዚህ ኃይል አገግሞ እንጀራ ማብሰል ይሳነዋል። ጤፉም አብሲቱም ንጹሓን ነበሩ።

ገመዱስ? በገመዱ ላይ የቀረው ግፊት 44 ቮልት ነው። 44ን በ24 ስናባዛ 1056 ዋት ይሆናል። ልብ በሉ፤ ጅረቱ ከ13.3 ወደ 24 ሲያድግ እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ የገመዱ ሙቀት ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱም ጅረቱ ሲጨምር በገመዱ ላይ የሚቀረው ግፊት አብሮ ይጨምራል፤ ሁለቱ ሲባዙ ጅረቱ በራሱ እንደ ተባዛ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1841 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው ሕግ ይህ ነው፤ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ጅረቱ በራሱ ተባዝቶ፥ እንደ ገና በተቃውሞው ሲባዛ ነው። ይህንንም ሕግ ሁላችን ጽፈነዋል፤ እኔ ግን በእጄ የዳሰስሁት ያን ቀን ነው።

መዳሰስ ስል የእውነት ነው። ገመዱ ተርፎ ስለ ነበር አሥር ሜትር ያህሉ ተጠቅልሎ ከማድ ቤቱ በር ጀርባ በምስማር ላይ ተሰቅሏል። 1056 ዋት በ40 ሜትር ገመድ ላይ ሲከፋፈል በየሜትሩ 26 ዋት ያህል ነው። በአጥሩ ላይ የተዘረጋውን ነፋስ ያበርደዋል። በጥቅልሉ ውስጥ ግን 260 ዋት ያህል አንድ ላይ ተጠቅልሎ መውጫ አጥቷል። እጄን ባስጠጋው አቃጠለኝ፤ ልባሱ ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ከሥሩ የማገዶ ጆንያ ነበረ፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው። ታናሽ እኅቴ የምትተኛው ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ነው። ወዲያው ሁለቱንም ምጣዶች አጠፋን።

«ቆጣሪው ላይ ያለው መቁረጫ ለምን አልቆረጠም?» ትሉኝ ይሆናል። እርሱ የተሠራው ጅረቱ ከ32 አምፔር ሲያልፍ እንዲቆርጥ ነው። 24 አምፔር ለእርሱ ሰላም ነው፤ ለቀጭኑ ገመድ ግን መከራ ነው። መቁረጫ የሚጠብቀው በልኩ የተዘረጋ ገመድ ሲኖር ነው እንጂ፥ ስሙን ሰምቶ ሁሉን አይጠብቅም። «እስካሁን አልቆረጠምና ደኅና ነው» የሚለው ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ብክነቱንም እናስላው። ሁለቱ ቤቶች በሳምንት ሁለት ቀን፥ በየቀኑ ሁለት ሰዓት አብረው ቢጋግሩ፥ ገመዱ በዓመት 220 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ቆጣሪው ደግሞ ከገመዱ በፊት ያለ ስለሆነ ይህንንም ይቈጥራል። እናቴና ጎረቤታችን ያልበሰለ እንጀራ እየበሉ፥ አጥር ለማሞቅ ይከፍሉ ነበር።

ጓደኞቼ፥ ሕጉ በስሙ የሚጠራው ጌኦርግ ሲሞን ኦም የቁልፍ ሠሪ ልጅ ነበረ፤ በኮሎኝ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ሙከራውን ሲጀምር የዘመኑ ባትሪዎች ግፊታቸው እየዋዠቀ አስቸገሩት። እርሱ ግን «ግፊቱ ይህን ያህል ነው እንበል» ብሎ አላለፈም። የቢስሙትና የመዳብ መጋጠሚያ ሠርቶ፥ አንዱን ጫፍ በፈላ ውሃ፥ ሌላውን በበረዶ አድርጎ የማይዋዥቅ ግፊት አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሽቦዎቹን የለካው። መጽሐፉን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. ሲያሳትም በአገሩ የተቀበለው ጥቂት ነበር። የለንደን ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳሊያ የሰጠው ከ14 ዓመት በኋላ በ1841 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ እኛ በአንድ መስመር የምንሸመድደው ነገር ለእርሱ የብዙ ዓመት መለካት ነበረ።

የእናቴ ገመድ ታሪክ የትልልቁም መስመር ታሪክ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው ከታላቁ የህዳሴ ግድብ ኃይሉ የሚወጣው በ500 ሺሕ ቮልት መስመር ነው። ይህን ያህል ግፊት ለምን አስፈለገ? ኃይል የቮልትና የአምፔር ብዜት ነውና፥ ያንኑ ኃይል ለመላክ ቮልቱን አሥር እጥፍ ብናደርገው አምፔሩ አንድ አሥረኛ ይበቃል። አምፔሩ አንድ አሥረኛ ሲሆን በዚያው ሽቦ ላይ የሚጠፋው ሙቀት አንድ መቶኛ ይሆናል። መሐንዲሶቹ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ የሚጠነቀቁለትን ነገር እኛ በመጨረሻዋ 40 ሜትር ላይ ስንጥለው ያሳዝናል።

ከመጨረሴ በፊት፥ ለመለካት ለምትነሡ ሦስት ማስጠንቀቂያ ልስጥ።

አንደኛ፥ ተቃውሞ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አይደለም። 220 ቮልት፥ 100 ዋት የተባለ የክር አምፖል ሲበራ 0.45 አምፔር ያህል ይስባል፤ ተቃውሞውም 484 ኦም ነው። ጠፍቶ ቀዝቅዞ ሳለ ብትለኩት ግን የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ክሩ ሲግል ተቃውሞው ይጨምራልና። ስለዚህ ቮልቱንና አምፔሩን በአንድ ሰዓት፥ ዕቃው ሥራ ላይ ሳለ ለኩ።

ሁለተኛ፥ ቮልት በአምፔር ተባዝቶ ዋትን በቀጥታ የሚሰጠው ለምጣድ፥ ለካውያና ለመሳሰሉት ነው። ሞተር ላለው ዕቃ፥ ለምሳሌ ለማቀዝቀዣ፥ ግፊቱና ጅረቱ እኩል ስለማይራመዱ ብዜቱ ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል።

ሦስተኛ፥ ቮልት መለኪያ ከዕቃው ሁለት ጫፎች ጋር ጎን ለጎን ይያያዛል፤ በመስመር የሚገባ አምፔር መለኪያ ግን ጅረቱ በውስጡ እንዲያልፍ በመንገዱ ላይ ይቆማል። ይህንን አምፔር መለኪያ በሶኬት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ የሚያያይዝ ሰው ተቃውሞ የሌለው ድልድይ ሠራ ማለት ነው፤ መለኪያውንም ራሱንም ያጠፋል። 220 ቮልት ሰው ይገድላል። የማታውቁትን አትክፈቱ፤ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አትንኩ።

የነገሩን ፍጻሜ ትጠይቁኝ ይሆናል። በዚያው ቀን ጥቅልሉን ከምስማሩ አወረድነው፤ በዚያ ገመድ ምጣድ ማብራትም ቀረ። እናቴ ጥቂት ሳምንት በማገዶ ጋገረች። ከዚያ የግቢው ባለቤትና ሁለቱ ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው፥ ሙያ ያለው ሰው ጠርተው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አዘረጉ። ስሌቱን አስቀድሜ ሠርቼ አሳይቻቸው ነበር፤ ተቃውሞው ከ1.83 ወደ 0.23 ኦም ይወርዳል፤ ሁለቱ ምጣዶች አብረው ቢበሩ እንኳ በሶኬቱ 213 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ እያንዳንዱም ምጣድ 3100 ዋት ያህል ያገኛል፤ በገመዱ የሚጠፋው ከ200 ዋት ያንሳል። ገመዱ ከተዘረጋ በኋላ ስንለካ በጥቂት ቮልት ልዩነት ገጠመ። እንጀራውም ዐይን አወጣ።

ጎረቤታችን የመጀመሪያውን እንጀራ በሰፌድ ይዘው መጥተው «የኔ ልጅ፥ ይህንን ትምህርት እስከ ዛሬ የት ደብቀኸው ነበር?» አሉኝ። ቀልድ ነበረ፤ እኔ ግን እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በደብተሬ ውስጥ ነበረ። ገመዱም በዚያ ሁሉ ዓመት ከእኅቴ መኝታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበረ። ሁለቱን ያላገናኘኋቸው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው ዕረፍት ከእኛ መካከል ፈቃደኞች የሆኑ፥ በመምህራኖቻችን ተቈጣጣሪነት፥ ሁለት ሁለት ሆነው በየሰፈራቸው መለኪያ ይዘው ይዙሩ። ቆጣሪው ዘንድ ስንት ቮልት አለ? ምጣዱ ዘንድ ስንት ይደርሳል? በገመዱ ስንት አምፔር ያልፋል? ሦስት ቁጥር፥ አንድ መቀነስ፥ አንድ ማካፈል፥ አንድ ማባዛት ነው። ይህን ለመሥራት ዲግሪ መጨረስ አያስፈልግም።

በምትለኩበትም ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ አትርሱ፤ ይህ ቮልትና ይህ አምፔር የማን ናቸው? የምጣዱ ናቸው፥ የገመዱ ናቸው፥ ወይስ የሁለቱ? የአንዱን ቮልት ለሌላው አምፔር የሚያካፍል ሰው ስሌቱ ቢያምርም መልሱ የማንም አይሆንም።

 ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ የማላውቀው ሲሆን ደግሞ አብረን እንለካዋለን።